ሰልፉ ላይ የታየችው ማስመሪያ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቆየ ወዳጄ ዓይኑን ሊታይ ወደ ክሊኒኬ መጣ። ታምራት ልበለው፤ ስሙ ግን ታምራት አይደለም። ስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። ስኳር የዓይንን የውስጥ የደም ሥሮች ቀስ እያለ ስለሚጎዳ፣ በየቀጠሮው ፎቶግራፍ እያነሣሁ ከቀድሞው ጋር አነጻጽርለታለሁ።

ነርሷ ብሌኑን የሚያሰፋውን ጠብታ ጨመረችለት። ጠብታው እስኪሠራ ከእሷ ጋር ጨዋታ ያዘ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ መሣሪያውን አዘጋጅ ነበር፤ እሱ ግን የወጣሁ መስሎታል...

«በደርግ ጊዜ ከዶክተሩ ጋር አሰላ አብረን ስንሠራ አንድ ጉድ ሠርቼ ነበር» ሲላት ሰማሁ።

የቀጠለውን ከመጻፌ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አሰላ ሆስፒታል ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም። በአርሲ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ እኔን የሳቡኝ ግን ከእንቅርቱ ጋር ዓይናቸው ወደ ውጭ የሚገፋባቸው ጥቂት ሕሙማን ነበሩ። እነሱንና ስኳር ዓይናቸውን ያደከመባቸውን ሰዎች እየተከታተልኩ የበሽታውን አካሄድ ማጥናት ጀመርኩ። ዓይን ምን ያህል እንደወጣ የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረን፣ ማስመሪያ በአንድ እጄ ከዓይናቸው ጎን አስጠግቼ ይዤ በጎን ፎቶ አነሣቸው ነበር። ፊልሙን የሚያጥብልኝ ታምራት ነበር። የራጅ ባለሙያ ነው፤ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የጨለማ ክፍሉም ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር።

ከሁሉም ሕመሙ የጠናባቸው ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ሲተኙ የዓይናቸው ቆብ አይገጥምም፤ ዓይናቸው እየደረቀ ነበር። የሰጠኋቸውን የዓይን ቅባት ካቋረጡና ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ካልሄዱ እንደሚታወሩ ነግሬአቸዋለሁ። አባታቸው ባለርስት ነበሩ። መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ ሴትዮዋ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፣ ሰው ቀና ብለው ሳያዩ፣ ገብስ እየሸጡ ይኖራሉ። ፎቶ ላንሣዎት አልኳቸው።

«ማን ያየዋል ዶክተር?»

«እኔና የሚያክሙዎት ሐኪሞች ብቻ።»

«እንግዲያው ሻሼን ላውልቅ» አሉ።

በአብዮት በዓል ዕለት ቀበሌው ሁሉንም ሰው ለሰልፍ አወጣ፤ የቀረ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ አልነበረም። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ተሰልፈን ሳለ ከፊታችን አንድ ትልቅ ሸራ ብድግ አለ። በጎን የተሣለ የፊውዳል ፊት ነበር፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ባርኔጣ የደፋ። ከሥሩ «ደም መጣጩ ይውደም» የሚል ተጽፏል። ሠዓሊው ጢም ጨምሮበታል፤ አፍንጫውን ግን እንዳለ ትቶታል። ከዓይኑ ጎን ጥርስ ያለው ረጅም ነገር ተሥሏል።

«ፊውዳሉ መጋዝ ምን ያደርግለታል?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

«ማጭዱን ለጭሰኛው ትቶለት ነዋ» አለው ሌላው፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

መጋዝ አልነበረም። የእኔ ማስመሪያ ናት። ሠዓሊው ምንነቷ ስላልገባው የሚሊ ሜትር ጭረቶቿን ጥርስ አድርጓቸዋል። ፊቱም ከወይዘሮ አስካለ ፎቶ የተቀዳ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ከቀበሌያቸው ሴቶች ጋር ከዚያ ሸራ ኋላ ይሄዱ ነበር... መፈክር ሲባል እጃቸውን ከሌላው እኩል ያነሣሉ፣ እኩል ያወርዳሉ።

በማግስቱ ሆስፒታል መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ማስመሪያዋን አይቻታለሁ» አሉኝ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ለማንም አልሰጠሁም።»

«እርስዎ ነዎት የያዟት። ሌላ ሰው አልነበረም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚያክሙኝ ሐኪሞች ሰልፍ ላይ ነው እንዴ የሚያዩኝ?»

የቅባቱን ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ አንኳኳሁ። ጎረቤታቸው በሩን ገርበብ አድርጋ «የሉም» አለችኝ... የእሳቸው ሳል ከጓዳ እየተሰማ። ሰፈሩ «ፊውዳሏ» እያለ እንደሚጠራቸው ከእሷ ሰማሁ። ከወራት በኋላ ደግሞ አንድ ዓይናቸው እንደጠፋ ሰማሁ።

ታምራትን የሰልፉ ዕለት ማታውኑ ጠይቄው ነበር። «እናቴ ትሙት፣ ካድሬዎቹ ናቸው ክፍሉን አስከፍተው የወሰዱት» ብሎ ማለልኝ። አመንኩት። ይህን ሁሉ ዘመን አመንኩት፤ የበኩር ልጁንም ክርስትና አነሣሁለት።

ትናንት ታዲያ ለነርሷ እንዲህ አላት፦

«ሠዓሊው ፊውዳል የሚመስል ፊት አጣሁ ብሎ ሲጨነቅ፣ ከዶክተሩ ፎቶዎች አንዱን መዘዝ አድርጌ ሰጠሁት። እንደዚያ ያለ የፈጠጠ ዓይን አውራጃው ቢታሰስ ይገኛል? ይሄ የዋህ እስከ ዛሬ ካድሬ የወሰደበት ይመስለዋል።» ሳቀ።

«ፎቶ የተነሣው ሰውስ ጋሼ?» አለችው።

«የትኛው ሰው?»

መጋረጃውን ገለጥኩ። ነርሷ አቀረቀረች። እሱ ግን ብሌኑ ስለሰፋ ፊቴን አጥርቶ አላየውም፤ ፈገግታው እንዳለ ነበር።

«አገጭህን እዚህ ላይ አድርግ» አልኩት። አደረገ። የቀኝ ዓይኑንም የግራውንም ፎቶ አነሣሁ። ምን እንዳየሁ እዚህ አልጽፍም፤ ለእሱ ግን በግልጽ ነገርኩት፣ ለሕክምናውም ቅርብ ቀጠሮ ያዝኩለት። ሳቁ ጠፋ።

«ይሄን ፎቶ... ማን ያየዋል?» አለኝ።

«እኔና የሚያክሙህ ሐኪሞች ብቻ» አልኩት።

ቃሉ ያው ለወይዘሮ አስካለ የሰጠሁት ነው፤ የሚጠበቀው ግን ለእሱ ሆነ።