በረዶ የማያሳየው ስክሪን

ቅናተኛ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚያወጣብኝ እኔው ብናገረው ይሻላል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠገንበት ጠባብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ልጁ አለ?» ሲል፣ ልጁ እኔ ነበርኩ። በዚህ እኮራለሁ። ምን ይደረግ፣ ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ እሱ መጣ። ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ የተመለሰ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው። ካቻቢቴዎቹን በቁመታቸው ደርድሮ፣ በቆዳ ጠቅልሎ ነው የሚይዛቸው። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ የምን ጋዋን ነው፣ ሐኪም ቤት ነው እንዴ? ወር ሳይሞላው ደንበኞቹ «ያ ከጀርመን የመጣው የለም?» ማለት ጀመሩ። ጋሼም አንድ ነገር ሲያስቸግራቸው እኔን አልፈው ወደ እሱ ያያሉ። ሲስቅ ያናድደኛል፣ ዝም ሲልም ያናድደኛል። ምሳ ሲጋብዘኝ ደግሞ በልቼ ስጨርስ ይብስብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት አራት ኪሎ ካለ መሥሪያ ቤት አንዲት የክፍል ኃላፊ መጡ። ተላላኪያቸው ከኋላቸው ቴሌቪዥን የሚመስል ነገር ታቅፏል። የኮምፒውተር ስክሪን ነው፤ ወሬውን ሰምቼ እንደሆን እንጂ ዕቃውን አይቼ አላውቅም። «አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ጎኑን ሲመቱት ደግሞ ይመለሳል» አሉ። ቀጥለው ዋናውን ነገር ተናገሩ፤ ለእነዚህ ማሽኖች ቋሚ ቴክኒሻን ሊቀጥሩ ነው፤ ይህን የሚያስነሳላቸው ሰው ከተገኘ እሱኑ ያስቀጥራሉ። በሳምንቱ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

የመንግሥት ሥራ፣ ያውም ቋሚ፣ ያውም ጡረታ ያለው። ስንት ማመልከቻ ጽፌ ያላገኘሁት ነገር በተላላኪ ታቅፎ ደጄ ድረስ መጣ።

ጋሼ ሁለታችንንም አዩና «ቀዳሚው አንተ ነህ፣ አንተ ያዘው» አሉኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ስክሪኑን ከኋላ አየና «ይኼ ለብቻው ምንም አያሳይም፤ ከማሽኑ ጋር መያያዝ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ወስደን እዚያው ብናየው ይሻላል» አለ።

ያዝኩህ አልኩ በሆዴ። ኃላፊዋ ፊት ቀርቦ የጀርመኑን ትምህርት ሊዘረግፍ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ተማር፣ እኛ እንሥራ» አልኩት። ጋሼ ሳቁ። እሱም ሳቀና «እሺ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የእኛን ልማድ ላስረዳ። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ጣቢያው የሚከፈተው ማታ ነው፤ እኛ የምንሠራው ቀን። ስለዚህ ቴሌቪዥን ዳነ አልዳነ የምንለው በረዶውን አይተን ነው። ሽሽሽ እያለ ነጫጭ ነጥብ ካዘነበ ደህና ነው፣ ባለቤቱ ይውሰደው። በረዶ ከሌለ በሽተኛ ነው። ከዚህ ሌላ ሕግ አላውቅም ነበር።

ስክሪኑን ሰካሁት። ጥቁር። ከፍቼ አየሁ፤ የምስል ቱቦው ክር ግሎ ቀልቷል፣ ግን ክንዴን ወደ መስተዋቱ ሳስጠጋ የክንዴ ጸጉር አይቆምም። ጸጉር ካልቆመ ከፍተኛው ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል ማለት ነው። ለቴሌቪዥን ይህ ትክክል ነው። ነቀልኩት። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የሚቀራረበውን አውጥቼ ገጠምኩ። ጥቁር። ሌላ ገጠምኩ፣ አሁንም ጥቁር። በአራተኛው ቀን ጭስ ሸተተኝ፤ አንዲት ትራንዚስተር ከስላለች። ይህን ሁሉ የምሠራው ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ፣ ፈተና እንደሚሸፍን ተማሪ ጠረጴዛውን በገላዬ ከልዬ ነው። አንዴ «ላግዝህ?» አለኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩት። «እስቲ እየው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አላልኩም።

በሳምንቱ ኃላፊዋ መጡ። ስክሪኑ ሆዱ እንደተዘረገፈ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ውስጡ ክፉኛ ተቃጥሏል፣ አልበራም አለ» አልኳቸው። ጥቁሩን መስተዋት አዩ፣ እኔን አዩ።

«ያለ ማሽኑ ነው እንዴ ስትሞክሩት የከረማችሁት? ያለ ማሽኑማ መች በርቶ ያውቃል? ይኼንን የጽዳት ሠራተኛችንም ታውቃለች» አሉ።

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ከወንበሩ ሲነሳ ደግሞ በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

«የውስጡን ሥራ ጨርሰን ከማሽኑ ጋር እዚያው እንሞክረዋለን ብለን ነው። ነገ ይዘነው እንመጣለን» አላቸው። «ብዬ» አላለም፣ «ብለን» ነው ያለው።

ያን ቀን ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን የስክሪኑን የራሱን ትራንስፎርመር መልሰን በየድን። የከሰለችውንም እሱ ቀየራት። እጁ እንዴት ጥሩ ነው መሰላችሁ፤ የመበየጃ ካውያውን አንዴ ነክቶ ያነሳል፣ አይደግምም። በዚያ ሁሉ ውርደት መሀል እንኳ እጁን እያየሁ ቀናሁ።

በማግስቱ አራት ኪሎ ሄድን። የኮምፒውተሩ ክፍል ምንጣፍ አለው፤ አቧራ እንዳይገባ ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። የእሱ ደህና ነው፤ አዎ፣ ይህንንም አይቻለሁ። ስክሪኑን ከማሽኑ ጋር አያያዘው፣ አልበራም። ገመዱን ጫፉ ላይ ይዞ አጠፍ ሲያደርገው ግን ብልጭ አለ። ስፒናው ውስጥ አንዲት ሽቦ ተበጥሳለች፤ ከመጀመሪያውም በሽታው ይኸው ብቻ ነበር። በየዳት፤ አረንጓዴ ፊደላት ተደርድረው ቆሙ።

ኃላፊዋ «ማን ነው የሠራው?» አሉ።

«እሱ ነው። እኔ ገመዱን ነው የያዝኩለት» አላቸው ወደ እኔ እየጠቆመ። እኔ የተቀደደ ካልሲዬን አየሁ።

ወደ ፒያሳ ስንመለስ «ለምን እንዲህ አልክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ወረቀት አለኝ፣ የትም እገባለሁ። አንተ ይኼ ካመለጠህ ማን ይቀጥርሃል?» አለኝ። ክፋት የለበትም አነጋገሩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለጋሼም ያንኑ፣ እሱ ነው የሠራው ብሎ ነገራቸው።

ተቀጠርኩ። በወሩ ከፒያሳ ኬክ ቤት አንድ ፓኮ ኬክ አስጠቅልዬ ወደ ድሮ ቤቴ ሄድኩ። ጋሼ ፊት እውነቱን ላወጣ፣ የሠራው እኔ ሳልሆን እሱ ነው ልል፣ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር።

ስገባ እሱ በእኔ ቦታ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሠራል። ጋሼ ደንበኛ እያስተናገዱ ነው። እንዳዩኝ ፊታቸው በራ፤ የሰውየውን ክንድ ያዝ አድርገው «ያ የነገርኩህ ይኸውልህ፣ ኮምፒውተሩን ያስነሳው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አሉ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብለውልኝ አያውቁም።

ሰውየው ዞሮ «እውነት አንተ ነህ?» አለኝ።

እሱ ካውያውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። የምለውን እየጠበቀ ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ጋሼ ፓኮውን ፈትተው የመጀመሪያውን እኔን አጎረሱኝ፤ እኔም ዋጥኩት።