የአያቴ ማሰሪያ

አያቴ ከባቡሩ ሥራ ጡረታ ሲወጡ፣ መጋላ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ የብርቱካን ቅርንጫፍ በሎሚ ግንድ ላይ እየሰኩ ማዳቀል ያዙ። የተሰካውን የሚጠመጥሙበትን የጨርቅ ማሰሪያ የሚቀድዱት ግን ከእኛ ልብስ ነበር! ከቀፊራ ገበያ ያመጣሁትን አዲስ ድሪያ ቀሚስ ገና ሳልለብሰው ቀደዱብኝ። ስጮህባቸው፣ «አንቺ፣ ድሪያ ብርቱካን ያፈራል እንዴ?» አሉኝ። የራሳቸውን ልብስ ግን አይነኩም።

ቅርንጫፉ ይዞ ሲያቆጠቁጥ ማሰሪያው ካልተፈታ ይታነቃል። ታዲያ እኛን መች ያስነኩናል፤ የሚፈቱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከቀበርናቸው ወር ሆነ። ትናንት የመጨረሻውን ማሰሪያ ልፈታ መቀስ ይዤ ወጣሁ። ጨርቁ የገዛ ሸሚዛቸው ሆኖ አገኘሁት። ቅርንጫፉ አቆጥቁጧል፣ መፈታት አለበት። እኔ ግን መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እኚህ ሰውዬ! የእኔ ድሪያ ቢሆን ኖሮ እኮ ወዲያው እቆርጠው ነበር።