የመቀስ ፀጉር ቤትና የደም ግፊቱ ጥናት

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ብትሆን ስትቆጣ ካልሆነ አትጠራውም። ቅጽል ስሙ የወጣለት ሌሎቹ ፀጉር አስተካካዮች በኤሌክትሪክ ቶንዶስ ሲሠሩ እሱ መቀሴን አልጥልም ብሎ በመቅረቱ ነው። ሚስቱ ግን ሌላ ምክንያት አላት። «ምላሱን አይተው ነው» ትላለች፤ «ሁለቱም አንዴ ከተከፈቱ አያርፉም።»

ፀጉር ቤቱ ቁልቁለቱ መንገድ ላይ፣ በልብስ ስፌት ቤትና በመድኃኒት መደብር መካከል ተጣብቃ የቆመች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ሰፊ መስታወት፣ ተራ ጠባቂዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው የሚቀመጡበት አግዳሚ፣ በቃ ይኸው ነው ዕቃዋ። ራሱ የተመለጠ ሰው እንኳ ከዚያ አይቀርም። የሚቆረጥ ፀጉር ባይኖረው የሚሰማ ወሬ አያጣም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መቀስ የልጇን ፀጉር ልታስቆርጥ የመጣች መስሎት «ልጁ የት አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«ልጅ የለኝም ጋሼ። ዶክተር ነኝ፤ እርስዎን ፈልጌ ነው።»

መቀስ መቀሱን አስቀመጠ። ዶክተሯ በደም ግፊት ላይ ጥናት እያካሄደች ነበር። «ወንዶች ጤና ጣቢያ የሚመጡት ሰው ተሸክሟቸው ነው» አለችው። «ግፊት እንዳለባቸው የሚያውቁት ከወደቁ በኋላ ነው። ፀጉራቸውን ለመቆረጥ ግን ማንም ሳይጎትታቸው ይመጣሉ።» ሐሳቧ ቀላል ነበር። ግማሾቹ ፀጉር ቤቶች የደንበኛውን ግፊት ይለካሉ፣ ስለ ጨውና ስለ መድኃኒት ይመክራሉ፣ ከፍ ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ሌሎቹ ምክር የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ከመለጠፍ በቀር ምንም አያደርጉም። ከዓመት በኋላ የየትኞቹ ደንበኞች ግፊት ይበልጥ እንደወረደ ይታያል። ማን ለኪ፣ ማን ለጣፊ እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ነው።

«እኔን ያለ ዕጣ ለኪ ብታደርጊኝስ?» አለ መቀስ። «ሰው መምከር ከሆነ እኮ የኖርኩበት ነው።»

«እርስዎን መርጬ ካስገባሁ ጥናቱ ስለ እርስዎ ምላስ ይሆናል» አለች እየሳቀች። «እኔ ማወቅ የምፈልገው ስለ ፀጉር ቤት ነው።»

ዕድል ቀንቶት ዕጣው መለካት ሆኖ ወጣለት። ሥልጠናውን በደስታ ጀመረ። የመለኪያ መሣሪያዋን ጨርቅ ክንድ ላይ ማሰር፣ ክንዱን ከልብ ትይዩ ማሳረፍ፣ እግር እንዳይነባበር ማድረግ፣ ሁሉንም ቶሎ ያዘው። የከበደው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ከመለካቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ማረፍ አለበት፤ ሲለካም ማውራት ክልክል ነው፤ ለኪውም አያወራውም። መቀስ ከንፈሩን ነክሶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ እንደ ሐውልት ቆሞ ሲጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቃቸውን በእጃቸው አፍነው ይንፈራፈሩ ነበር። የመሣሪያዋ ጢጥታ ሲሰማ ግን የታገደው ወሬ ግድቡን እንደጣሰ ውኃ ይለቀቃል። «ሰማህ፣ ጨው ቀንስ። ኪኒን ከታዘዘልህ ዛሬ ተሻለኝ ብለህ አታቋርጥ።» ይህን ሁሉ የሚለው፣ ለቁርስ ከቤት ያመጣውን ቅቅል እንቁላል ጨው ውስጥ እየነከረ ሲበላ ቆይቶ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ ጨው ይመክራል።

ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ ከወጣትነት ጀምሮ ጓደኛው ነው። መለካቱን ሲያላግጥበት ሰንብቶ አንድ ቀን ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲቀመጥ «በል ለካኝ፣ ዝም ስትል ልይህ» አለው። መቀስ ለካው። ቁጥሩን አይቶ አላመነም። አሳርፎ ደግሞ ለካው፤ ባሰ። ጨርቁን ከክንዱ ላይ ፈታ።

«አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ።»

«የተማሪዎች የደንብ ልብስ ተቆልሎብኝ? ደግሞ ምንም አላመመኝም።»

«ግፊት አንኳኩቶ አይገባም፣ ወንድሜ።»

«ቁረጥ ዝም ብለህ።»

መቀስ ቆረጠ። ከቀኝ በኩል ጀመረ፤ እየለመነ፣ እየተቆጣ፣ የሰፊውን ልጆች ስም እየጠራ ቆረጠ። ሰፊው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ልክ አናቱ መሐል ሲደርስ መቀስ መቀሱን ኪሱ ከተተና እጁን አጣጥፎ ቆመ።

«ጨርስልኝ እንጂ።»

«ግራውን ከጤና ጣቢያ ስትመለስ።»

ሰፊው መስታወቱን አየ። በቀኝ በኩል ሙሽራ፣ በግራ በኩል ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ይመስላል። የሰደበውን ስድብ አግዳሚው ላይ የነበሩት እስከ ዛሬ ይደጋግሙታል፤ እዚህ አይጻፍም እንጂ። ፎጣውን ወርውሮ ወጣ። ስፌት ቤቱ ሲገባ ሠራተኞቹ ከስፌት መኪናቸው ላይ ቀና እያሉ ሳቃቸውን ለመደበቅ አንገታቸውን ይደፉ ጀመር። እስከ ምሳ ሰዓት ቻለው። ከዚያ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ስቦ እየተነጫነጨ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያም አልመለሱትም፤ ወደ ሆስፒታል ላኩትና አስተኙት። ኩላሊቱ መጎዳት ጀምሮ ነበር።

ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ወደ ፀጉር ቤቱ መጣች። ፊቷ ደመና ነው። «ጋሼ፣ ሰው አስገድዶ መላክ በጥናታችን የለም። ሁሉም በፈቃዱ ነው። የሆነውን እንዳለ መጻፍ አለብኝ።»

መቀስ አንገቱን ደፋ። «ጻፊ ልጄ። ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ሐኪሞቹ በጊዜ ደረሰልን ብለዋል» አለችውና ወጣች። መቀስ ቀጣዩን ደንበኛ ትቶ ጓሮ ገብቶ ፊቱን ታጠበ።

ሰፊው ከሆስፒታል እንደወጣ ቀጥታ የመጣው ወደ ወንበሩ ነው። ግራው ተቆርጦ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈና «አሁን አንተ ተቀመጥ» አለ።

«እኔማ ደህና ነኝ።»

«ግፊትህ ስንት ሆኖ ነው ደህና የሆንከው?»

መቀስ መሣሪያዋን አየ። የሰፈሩን ክንድ ሁሉ ሲለካ የራሱን አንድ ቀን አስሮ አያውቅም። የመቀስ አባት፣ እሱም ፀጉር ቆራጭ፣ ቆሞ ሲሠራ ነበር በድንገት የወደቀው፤ ከዚያ ወዲህ መቀስ ስለ ራሱ ጤና የሚነግረውን ሰው ሁሉ ይሸሻል። ሰፊው ይህን ያውቃል። ስለዚህ አላላገጠበትም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉሃል ይኸው ነው» አለው በለሰለሰ ድምፅ፣ እጅጌውን እየጠቀለለለት።

መሣሪያዋ ጢጥ አለች። የመቀስ ግፊት ከሰፊው በልጦ ተገኘ።

«ይቺ ነገር ተበላሽታለች» አለ መቀስ።

«እኔን ስትለካኝ ደህና ነበረች።»

ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። መቀስ መድኃኒት ታዘዘለት። የመጀመሪያው ኪኒን ደረቅ ሳል አመጣበትና ወሬውን መሐል መሐሉ ላይ እየቆረጠ መከራውን አሳየው። ለማንም ሳይናገር አቋረጠው። ሚስቱ ሳሉ ድንገት ሲጠፋ ጠርጥራ ኪኒኖቹን ከካፖርቱ ኪስ አወጣችና፣ ያን የተረሳ ስሙን ሙሉውን ጠራችው። ዶክተሯ ዘንድ ይዛው የሄደችውም እሷው ናት።

«ጋሼ፣ ለደንበኞችዎ ምንድን ነው የሚሏቸው?»

«አታቋርጡ ነው የምላቸው» አለ እንደ ተማሪ።

«የማይስማማ መድኃኒት ይለወጣል። ሳይነግሩን ግን ልናውቅ አንችልም።» ተለወጠለት፤ ሳሉም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቹ የሚነግራቸው የራሱን ታሪክ ነው፤ ኪኒኑ ኪሱ ውስጥ የተያዘበትን ሳይቀር። ከምክሩ ሁሉ ይበልጥ የሚሰሙትም ይህንኑ ነው።

ዓመቱ ሲሞላ ዶክተሯ ፀጉር አስተካካዮቹን ሁሉ ሰብስባ ውጤቱን ነገረቻቸው። በለኪዎቹ ቤት የሚቆረጡት ሰዎች ግፊት ከለጣፊዎቹ ይልቅ ወርዶ ነበር። የሁሉም አልወረደም፤ መጥቶ የጠፋም፣ መድኃኒቱን የተወም አለ፤ እሷም ይህን አልደበቀችም። ለጣፊዎቹም መሣሪያ ተሰጣቸው። የሰፊውን ነገር «ከመመሪያው ውጭ የተፈጸመ» በሚል ርዕስ ስታነብ አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ መቀስ ግን ወለሉን ነበር የሚያየው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ለመቀስ ከኪኒኑ ሌላ የእግር ጉዞም አዞለት ነበር። ብቻውን መሄድ አሰልችቶት ሚስቱን ለመናት። መጀመሪያ ጉልበቴን ብላ እምቢ አለች፤ አንድ ቀን እስከ ድልድዩ ብቻ ብላ ወጣች። አሁን ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ የምትጠብቀው እሷ ናት። እሱ ይፈጥናል፣ እሷ «ማን አባረረህ?» ትለዋለች፤ እሷ ትቆማለች፣ እሱ ይነጫነጫል። የድሮ ነገር ያነሣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ስልክ ደውላ ስታጣቸው ትጨነቃለች።

«የት ጠፍታችሁ ነው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ምሽት እናቷን።

«ከአባትሽ ጋር ስንዞር ነዋ» አለች እናት፣ ጫማዋን እየፈታች። «ነገ ቀደም ብለሽ ደውዪ፤ አለዚያ አታገኚንም።»