ለፋሲካ ውሃ ትጠጣላችሁ

ባለፈው እሁድ ምሳ እየበላን ሳለ አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርበው፣ ሕዝቡ በትዕግሥት እንዲጠብቅና ሥራውን እንዲቀጥል አሳሰቡ። ነርስ የሆነችው ልጄ ሩታ ተነሥታ አጠፋችው።

«ኣቦይ፣ ይኼንን እኮ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለችኝ።

እኔም ይዤዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት በሃያ ዓመቴ፣ እስከ ወገቤ ቦይ ውስጥ ቆሜ ነው።

መቀሌ፣ ከእንዳ ኢየሱስ በታች ባለው ሰፈራችን ያኔ ቧንቧ አልነበረም። የዓይናለም ጉድጓዶች ውሃ ለከተማው ሲደርስ እኛን ያልፈን ነበር። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሹም መጥቶ፣ «ቦዩን እናንተ ቆፍሩ፣ ቧንቧውን እኛ እናመጣለን። ለፋሲካ ውሃ ትጠጣላችሁ» አለን። ቆፈርን። የመቀሌ መሬት ከላይ አፈር ይምሰል እንጂ ትንሽ ዝቅ ሲሉ ድንጋይ ነው፤ ዶማው ሲያርፍበት እስከ ትከሻ ይነዝራል።

አጠገቤ የሚቆፍረው ሰይድ ነበር። ከወሎ መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር፣ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ሰው ነው። ቀትር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የእናቴን ሕምባሻ ከሚስቱ ከዘይነባ ቆሎ ጋር እንበላለን። ዘይነባ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ልጄን በቧንቧ ውሃ ነው የማሳጥበው፣ ወላሂ!» ይል ነበር ሰይድ።

ፋሲካ መጣ፤ ቧንቧው አልመጣም። ሹሙ ግን መጣ። «ትንሽ ታገሡ፣ ሥራችሁንም ቀጥሉ» አለን። አጨበጨብን። ግንቦት ላይ ደግሞ መጥቶ ያንኑ ደገመው። በዚያን ቀን ያጨበጨብነው ጥቂት ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት እጄ ለምዶ ይሆናል።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቦዩን ሞላው። በራፋችን ላይ መሻገሪያ ሳንቃ ጥለን ነበር። አንድ ጠዋት ዘይነባ ጀሪካን አዝላ ስትሻገር አዳለጣትና ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ሰይድና እኔ ጎትተን አወጣናት። እሷ ተረፈች። የሰባት ወሩ ፅንስ አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ሰይድ አካፋውን ይዞ ወጣና በራፋችን ላይ ያለውን ቦይ ይደፍን ጀመር። ምንም ሳልጠይቀው አካፋዬን አምጥቼ አብሬው ደፈንኩ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ እየተጣደፉ መጡ።

«ኧረ ሰይድ ልጄ! ስንት የደከምንበትን?»

ሰይድ ቀና እንኳ አላለም። «ኣቦይ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ ተብለን የለ? እየቀጠልኩ ነው።»

ሽማግሌው ቆመው አዩን። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አነሡ፤ ቦዩ ውስጥ ጣሉት።

ክረምቱ ሲወጣ ሰይድና ዘይነባ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ቧንቧው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ፤ የደፈንነውንም ሌሎች ሰዎች እንደገና ቆፈሩት።

ሩታ ቴሌቪዥኑን ካጠፋች በኋላ ምግቡን አልነካችውም። ሆስፒታሏ በሽተኛ ሞልቶታል፤ መድኃኒት ግን የለም። «ነገ ሥራ ልግባ ወይስ ልተወው?» ብላ ጠየቀችኝ። ላጽናናት አፌን ስከፍት ምላሴ ላይ የመጣልኝ «ትንሽ ታገሺ» የሚለው ብቻ ሆነ። ያን ያህል ዓመት ከሌሎች ስሰማው የሰለቸኝ ነገር ለካ እኔም ውስጥ ቤቱን ሠርቷል። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«አላውቅም፣ ጓለይ» አልኳት።

ይህም አላጽናናትም። ቢሆንም አልዋሸኋትም።