ራዲዮ ዝም ያለች ጊዜ

እህቴን ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እውነታቸውን ነበር። እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ። በሯ ላይ የልብስ ስፌት ማሽኔን ዘርግቼ ስሠራ ስለኖርኩ ከእኔ በላይ ምስክር አይገኝም። ሆዷ ወሬ አይቋጥርም ነበር። ጠዋት ያገኘችውን ወሬ እስከ ምሳ ካቆየችው ያማታል።

የሰማችውን ማለት እንኳ አይቻልም፤ ያየችውን ነው። የዕድሜዋን ግማሽ የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኖቹ ከተነሡ ጎንህ የቆመ ሰው ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ ሴቶቹ ድምፅ ሳያወጡ ያወራሉ። አንዷ ከማሽኑ ማዶ ክር እየቀጠለች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ወዲህ ያለችው አንብባ ትስቃለች። አለቃ ሲያሙም፣ የልጅ ነገር ሲማከሩም እንዲሁ ነው። እህቴ ከፋብሪካው ስትወጣ ጆሮዋ ደክሟል፣ ድምፅዋ ጩኸት ሆኗል፣ ዓይኗ ግን የሰው ከንፈር ከአዳራሽ ጥግ እስከ ጥግ ይለቅማል። እኔ እቤት ውስጥ ማጉረምረም የተውኩት ያኔ ነው።

አማኝ ናት፤ ይሄን ማንም አይነሳትም። የታመመ ሰው አለ ከተባለ ቤቷ አትቀመጥም። በቤተ ክርስቲያናችን የሕሙማን ጉብኝት ቡድን ውስጥ ስትገባ ልቧ ቅቤ ጠጣ። «ለዚህ ነው የተፈጠርኩት» አለችኝ። ችግሩ፣ በሽተኛው ቤት ሾርባ ይዛ ትገባና ወሬ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ተንበርክካ «ጌታዬ፣ ይቺን ምላሴን አንድ በልልኝ» ትላለች፤ ሹክ ያለች እየመሰላት ግድግዳውን ታንቀጠቅጠዋለች። ንስሐዋ እውነት ነው። በማግሥቱ የምታደርገውም እውነት ነው።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሽማግሌው ልጅ አዳራሹ ጥግ ላይ ቆማ ከእጮኛዋ ጋር ታወራ ነበር። ሽማግሌው የምላቸው ከቤተ ክርስቲያናችን መሪዎች አንዱ፣ ሚስታቸው ሞታባቸው ይቺን አንድ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ለእጮኛዋ እየነገረችው ነው። እህቴ ወዲህ ማዶ ወንበር እየደረደረች አነበበችው። ክፋት አልነበረባትም፤ «ጸልዪላት» ብላ ለአንዲት ሴት ብቻ ነገረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው የእጮኛዋ እናት ዘንድ ደረሰ። ሰርጉ ቀረ። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልደረሰችም።

ሽማግሌው አልጮኹባትም። እቤታችን ድረስ መጡና ማሽኔ አጠገብ ቆመው፣ «እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ስም የማንንም በሽተኛ ቤት አትረግጪም» አሏት። «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር አልተከራከረችም።

ከዚያ በኋላ ብታዩዋት አንጀታችሁን ትበላው ነበር። እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፣ የሰው ፊት ከፊቷ እንዳይኖር። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ካየች አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። «ተሰጥቶኝ በገዛ እጄ አበላሸሁት፤ ከእንግዲህ ለምንም አልሆን» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ «በይ ሻይ ጠጪ» እላታለሁ። ጸሎቷን ግን አላቋረጠችም። አሁንም የምትለምነው ያው ስለ ምላሷ ነበር።

አንድ ዓመት ግድም እንዳለፈ ሽማግሌውን መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጫቸው። ሁለት እጃቸው በጀሶ ታሰረ፣ መተንፈስ ስላቃታቸውም ጉሮሯቸው ተበስቶ ቱቦ ገባላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፅ ግን የለም፣ መጻፍም የለም። ልጠይቃቸው ሆስፒታል ስሄድ ያየሁት ለሳቅም ለለቅሶም የሚያስቸግር ነበር። ከንፈራቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ ሌላው ትራስ ይቀይራል፣ የጨነቀው ደግሞ ይጸልያል። እሳቸው ንዴት ሊገድላቸው ደርሷል። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ሆና፣ «አባዬ፣ አልገባኝም እኮ» እያለች ታለቅሳለች። አንድ ነገር ደጋግመው እንደሚሏት ያስታውቃል።

እቤት መጥቼ ለእህቴ ነገርኳት። «እኔን ማን ያስገባኛል?» አለችኝና ፊቷን አዞረች። በማግሥቱ ልጅቷ ራሷ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት።

«እትዬ» አለች። ድሮ «አንቺ» ነበር የምትላት፤ አሁን አንቱ አለቻት። «ይቅር ብዬዎት አይደለም የመጣሁት። አባቴ የሚለውን እንዲነግሩኝ ነው። የሚለው ለእኔ ብቻ ይነገራል። ከዚያ ክፍል አንድ ቃል ብትወጣ ግን...» አልጨረሰችውም።

«አንድም ቃል አይወጣም፣ ልጄ» አለች እህቴ፣ በዚያ ድምፅዋ ሰፈሩን ሁሉ እያሰማች።

ሽማግሌው ሲያዩዋት ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እህቴም ወዲያው፣ «ጸሎቱን አሳጥሩና መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ብርድ ጨረሰኝ ነው የሚሉት» አለች። ነርሷ በሳቅ ፈነዳች፤ ልጅቷም ሳይታወቃት ሳቀች። ከዚያ ሁላችንንም አስወጡን። በበሩ መስታወት እህቴ ወደ ልጅቷ ጆሮ ጎንበስ ብላ ስትናገር አየሁ፤ ልጅቷ አባቷ ደረት ላይ ተደፋች። ምን እንዳሏት አላውቅም። እስከዛሬ አልነገረችኝም፤ እናንተም ከእኔ አትጠብቁ።

ከዚያ በየቀኑ ሄደች። ምእመኑ በየተራ በራችን ላይ ይቆማል፤ «ምን አሉ?» ሲሏት «ደህና ናቸው» ብላ ትገባለች። እኔም በልመናም በኩርፊያም ሞከርኳት፤ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ግን ፊቷ ቀልቶ መጣች። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ሰውየው ሞቱ ብዬ ደነገጥኩ። «ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ምንም» አለችኝና ልብስ ታጥብ ጀመር።

ሽማግሌው ዳኑ። ቱቦው ወጥቶላቸው፣ ልጃቸውን ተደግፈው እሑድ መጡ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ሳለ መድረኩ ላይ ወጥተው፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ምስጋናውን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ጥያቄ አለኝ። ይቺን እህታችንን ለምን ወደ ጉብኝት ቡድኑ አልመለሳችኋትም?» አሉ።

መሪዎቹ ተያዩ። «ማን ‹መልሷት› አለን?» አለ አንዱ።

«እኔ ነኛ። ልጄ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ሳለ፣ ‹በድያለሁ፣ አገልግሎትሽን መልሼልሻለሁ፣ ሂጂና ንገሪያቸው› ብያታለሁ። እህቴ፣ አልነገርሻቸውም?»

እህቴ ከፊት ወንበር ተነሣች። «አልነገርኩም ጋሼ። ከዚያ ክፍል አንድም ቃል አይወጣም ብዬ ለልጅዎ ቃል ገብቻለሁ። ስለ እኔ የሆነው ይውጣ አላለችኝም። ለእሷም ብነግራት ለራሴ መለመን ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት።»

እኔ በጉባኤ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። በዕድሜዋ ካገኘችው ወሬ ሁሉ የሚበልጠውን፣ የራሷን ምሥራች፣ ሆዷ ውስጥ ይዛ ከረመች። ዓይኗን የማሽን ጩኸት ሲያሠለጥንላት ኖሯል። አፏን ደግሞ ያ የኀፍረት ዓመት ገራላት። እኛ ተጣለች ስንል እግዚአብሔር ሥራው ላይ ነበር።

የሽማግሌው ልጅ ከአባቷ ጎን ከመድረኩ ወረደችና መጥታ የእህቴን ክንድ ያዘች።

«እትዬ፣ ነይ እንሂድ» አለቻት። «አባዬ ተኝቶበት ከነበረው ክፍል ጎን አንዲት እናት አለች፤ ትናንት ቱቦ ገብቶላታል። ልጆቿ የምትለው ጠፍቷቸው እየዞሩ ነው። እኔ ወስጄሽ ውጭ እጠብቅሻለሁ።»

መዝሙሩን እንኳ አልጠበቁም። በመካከለኛው መተላለፊያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲወጡ ጉባኤው ከኋላ ጀምሮ ብድግ አለላቸው።