ለበረዶው ብቻ የበቃች ሣጥን

የእህቴ ባል ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። በትንሿ ባለሸራ ጀልባው ውስጥ ያለችው የበረዶ ሣጥን ግን አሳፈረችው፤ በረዶው በአንድ ቀን እየቀለጠ ዓሣው ሁለት ጊዜ ሸተተ። እህቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ከሸተተ፣ ጀልባህን ብቻህን ንዳት» አለችው። እሱ ደግሞ ያለ እሷ የትም መሄድ አይወድም።

ሳምንት ሙሉ ሙቀት እንዳይገባባት ሣጥኗን ከውስጥ በፎም ሲለብጥ ከረመ። ሁለት ጊዜ ደረበና ለጥንቃቄ ብሎ ሦስተኛ ጨመረ። እኔ ሌላ ሙያ ስለሌለኝ በጸሎት አገዝኩት።

ከዚያ ትልቅ በረዶ ከቶ ክዳኑን ገጠመ። በሦስተኛው ቀን እኔና እህቴ ዓሣ ይዘን ለጉዞ ስንመጣ ፊታችን ከፈተው። በረዶው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«አየሽ አንቺ ሴትዮ! ጠብ ያለ ነገር የለም!»

«አየሁ። ይኼን ዓሣ የት ላስገባው ታዲያ?»

አጎንብሶ አየ። በበረዶውና በፎሙ መካከል ጣት እንኳ አያስገባም።

«እ... ዋናው በረዶው አለመቅለጡ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

እህቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች እዚያው ጀልባዋ ላይ ተቀመጠች። ዓሣውን ወዲያው ጠብሰን በላነውና ሦስታችንም ጉዞ ጀመርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓሣው ለመሽተት ጊዜ አላገኘም።