በቅሎ የታሰረበት የቅርጫት ኳስ ሜዳ

በየካ ተራራ ሥር ባለ አንድ የጦር ካምፕ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኜ የተቀጠርኩት ከሮም ኦሎምፒክ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ስፖርት የተባለ ነገር ሁሉ ተፈላጊ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የካምፑ አዛዥ ኮሎኔል አስጠሩኝ።

«ይህ ያንተ ጨዋታ ኦሎምፒክ ላይ አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

«በባዶ እግር ነው?»

«በጫማ ነው፣ ጌታዬ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ይሁን። ከካምፑ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፤ ሜዳ ሥሩበት። በዓመቱ መጨረሻ ከተማሪዎች ቡድን ጋር ትጋጠማላችሁ። ካሸነፋችሁ ሜዳው የእናንተ ነው። ከተሸነፋችሁ የበቅሎ ማሰሪያ ይሆናል፣ አንተም ወደ መጣህበት።»

ከእንጦጦ ሁለት ወፋፍራም ባሕር ዛፍ አወረድን። ሰሌዳውን ከሳንቃ ገጠምን። ቀለበቱን ብረት ቀጥቃጭ ከአሮጌ መኪና ብረት ጠምዝዞ ሠራልን። መስመሩን በኖራ አሰመርን። ወታደሮቹ ድንጋዩን በእጃቸው ሲለቅሙ ስለከረሙ ሜዳውን እንደ ቤታቸው ወደዱት።

ሕጉን ማስተማር ቀላል ነበር። ጨዋታው አምስት በአምስት ነው። ኳስ እያነጠሩ እንጂ ይዞ መሄድ አይቻልም። መግፋት ጥፋት ነው። በባላጋራ ቅርጫት ሥር ከሦስት ሴኮንድ በላይ አይቆምም። ወታደር ሕግ ይወዳል፤ በሳምንቱ እንደ ዳዊት ደገሙት።

ችግሩ ሻምበል ሽፈራው ነበሩ። ሻምበል ባሉበት ሌላ ሰው አምበል አይሆንምና አምበሉ እሳቸው ሆኑ። ኳስ ያገኘ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል። እሳቸው ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ሻምበልን «አቀብለኝ» የሚል ማን ነው? ወታደር ቶሎሳ የሚባል፣ ወሰን ከሚባለው መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ ነበረን፤ ከሩቅ ወርውሮ አይስትም። እሱም ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሻምበሉ ሲስቱ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ጌታዬ» ይላል።

አንድ ቀን ደፍሬ «ሻምበል፣ ሜዳ ላይ እንኳ ልጆቹ በስምዎ ቢጠሩዎት?» አልኳቸው።

«በስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነች» አሉ። «እሷም ስትቆጣ ነው።»

ግጥሚያው ደረሰ። ኮሎኔሉ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተማሪዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩን ነበር። ኳሱ ሻምበሉ እጅ ላይ ነው፤ ሁለት ተማሪዎች ከበዋቸዋል። ቶሎሳ ቅርጫቱ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል። ሻምበሉ አዩት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ ከበታቻቸው ላለ ወታደር ኳስ አቀበሉ።

«ቶሎሳ! ወርውር!»

ደስታዬ ወሰን አጣ። ቶሎሳ ኳሱን ተቀበለ። ትእዛዝ ነውና በግራ ብብቱ ሸጎጠው፣ ተረከዙን አጋጨ፣ ሰላምታ ሰጠ።

«እሺ፣ ጌታዬ!»

ከዚያ ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱን እንኳ ሳይነካ ገባ። የሰዓቱ ፊሽካ ግን ቀድሞት ነበር።

አለቀስኩ። ኮሎኔሉ ተነሡና «ሰላምታው ጥሩ ነበር» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ በቅሎዎቹ ገቡ። ቅርጫቱ ሥር ቆመው ይውላሉ፤ ሦስት ሴኮንድ አለፈ ብሎ የሚነፋባቸውም የለም። እኔ ተሰናብቼ ከተማ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ።

ከወራት በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ረስቼ የሄድኩትን ፊሽካ ልወስድ ወደ ካምፑ ወጣሁ። በቅሎዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ዳር ተገፍተዋል። የሻምበሉ ሸሚዝ ከነማዕረጉ በቅሎ ማሰሪያው ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው በካናቴራ ሆነው ኳስ ያነጥራሉ። ቶሎሳ ከወዲያ ጥግ ጮኸ።

«ሽፈራው! ወዲህ በል!»

አቀበሉት። ወረወረ፤ ገባ። ሻምበሉ ቆሜ ሳይ አዩኝ።

«ሳይቆጣ ነው የሚጠራኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ልጅ አሠልጥኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ አንድ ነው፦ ኳስ የያዘ ሰው ሰላምታ አይሰጥም።